ድሬዳዋ ላይ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና፦ ምን ይበላሻል፣ ጥገናውስ ስንት ያስወጣል?

በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር ውስጥ እንዳይገባ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መኪና ለመግዛት ያሰበ የድሬዳዋ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ባትሪው ቢሞትስ?» ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ከያዝሁ ጀምሮ ሳቢያን ያሉ ጎረቤቶቼም ሆኑ ሐረር ያሉ ዘመዶቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ስጋቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ መኪናው እጄ ከገባ በኋላ ለጥገና ያወጣሁት ገንዘብ በሙሉ የሄደው በዋናው ባትሪ ዙሪያ ላሉት ነገሮች ነው፤ ለትንሹ ባትሪ፣ ለቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ለኤሲው፣ ለፍሬኑና ከሥር ላሉት ክፍሎች። እነዚህን አስቀድሞ የሚያውቅ ገዢ ከብዙ ወጪና ከብዙ እንግልት ስለሚድን፣ ያየሁትንና የከፈልሁትን በዝርዝር እጽፋለሁ። የምጠቅሳቸው የብር መጠኖች በ2017 ዓ.ም. እኔ ራሴ የከፈልኋቸው ወይም የተጠሩልኝ ናቸው፤ የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ስለማይረጋ፣ ዛሬ የሚጠየቀው ከዚህ ከፍ ሊል ይችላል።

ከዋናው ባትሪ ልጀምር፤ ገና ሳይገዛ መመርመር ያለበት እርሱ ነውና። ሻጩ ወይም ደላላው ዳሽቦርዱ ላይ መቶ በመቶ የሚል ቁጥር ያሳያል፤ ያ ቁጥር ግን ባትሪው በዚያች ሰዓት ምን ያህል እንደ ተሞላ እንጂ ከአዲስነቱ አቅም ምን ያህሉ እንደ ቀረው አይናገርም። ግማሽ አቅሙን ያጣ ባትሪም ሲሞላ መቶ ነው የሚለው። የቀረውን አቅም ለማወቅ አንዱ መንገድ ከመሪው ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት ላይ ስካነር ሰክቶ የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ ማንበብና የየሴሉን፣ ማለትም ባትሪውን የሚሠሩትን የትንንሾቹን ክፍሎች ቮልቴጅ ማነጻጸር ነው። ባትሪው ግማሽ አካባቢ ተሞልቶ መኪናው ቆሞ ሳለ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ሴል የሚለያዩት በጥቂት ሚሊቮልት ከሆነ መልካም ምልክት ነው፤ ልዩነቱ መቶ ሚሊቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ውስጡ የደከመ ሴል አለ ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ስካነር ካልተገኘ ወይም የሚያነበው ሰው ካልታመነ የቤት ቆጣሪ ይበቃል። እኔ ከመግዛቴ በፊት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። የእኔ መኪና በ2021 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ የተሠራና አዲስ ሳለ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው ነው። ከሻጩ ጋር ተስማምተን ባትሪው 20 በመቶ እስኪቀረው ድረስ ነዳሁት፤ ከዚያ እቤት አቁሜ የቆጣሪውን ቁጥር መዘገብሁ፣ ፍሪጁንና ምድጃውን ነቀልሁ፣ ከማታ ጀምሮ እስከ ማግስቱ ረፋድ 80 በመቶ እስኪደርስ ሞላሁት። ስሌቱ ቀላል ነው። ከ20 እስከ 80 ያለው የ60 ኪሎዋት ሰዓት ስድስት አሥረኛ፣ ማለትም 36 ነው፤ ከቆጣሪው ከሚወጣው ኃይል ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ የሚሆነው በመሙላት ሂደት በሙቀት ስለሚባክን፣ ጤነኛ ባትሪ ከሆነ ቆጣሪው ላይ ከ40 እስከ 42 መቆጠር አለበት። 33 ወይም 34 ብቻ ከተቆጠረ ባትሪው አንድ አምስተኛ አቅሙን አጥቷል ማለት ነው። የእኔው 38ን ጥቂት አለፈ፤ በዚያ ዕድሜ ላለ ባትሪ ይህ ጥሩ የሚባል ስለሆነ ገዛሁት። ለዚህ ሙከራ ፈቃደኛ የማይሆን ሻጭ ካጋጠመ ሌላ መኪና መፈለግ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የባትሪውን ዓይነት መጠየቅም አይዘንጋ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ሙቀትንና ደጋግሞ መሙላትን በተሻለ ይችላል፤ ነገር ግን ቮልቴጁ ለረጅም ጊዜ ሳይለዋወጥ ስለሚቆይ ኮምፒውተሩ የቀረውን ኃይል በትክክል መገመት ይቸግረዋል፤ ስለዚህ በየጊዜው እስከ መቶ በመቶ መሙላት ያስፈልገዋል። ይህ ሳይደረግ የቆየ መኪና 15 በመቶ እያሳየ ድንገት ሊቆም ይችላል፤ ብዙ ሰው ባትሪው የተበላሸ የሚመስለው ያን ጊዜ ነው። ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ዓይነት ደግሞ በተቃራኒው ለዕለት ተዕለት አገልግሎት 80 በመቶ ላይ ቢቆም ዕድሜው ይረዝማል፤ መቶ በመቶ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ መዋል ከሁሉ በላይ ይጎዳዋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በሚያልፍበት በእኛ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኒሳን ሊፍ በፈሳሽ የማይቀዘቅዝ ባትሪ ይዞ በ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ፣ ሙቀት በሚበረታባት የአሜሪካዋ አሪዞና ግዛት ያሉ ባለቤቶች በ2012 የባትሪያቸው አቅም ቶሎ እየወረደ መሆኑን ገልጸው አቤቱታ ማሰማታቸው ይታወቃል። ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው እንግዲህ ባትሪው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ መሆን አለመሆኑ ከመቀመጫው ቆዳና ከስክሪኑ ስፋት እጅግ የሚበልጥ ጉዳይ ነው።

ገንዘብ ወደሚበሉት ልለፍ። ከሁሉ ቀድሞ የሚሞተው በነዳጅ መኪና ላይ የምናውቀው ያው ባለ 12 ቮልቱ ትንሹ ባትሪ ነው። በሩን የሚከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሣውና የዋናውን ባትሪ ኃይል የሚያገናኘውን ኮንታክተር የሚያንቀሳቅሰው እርሱ ስለሆነ፣ እርሱ ከደከመ ዋናው ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ጂቡቲ ወደብ ላይ ወይም ሻጩ ግቢ ውስጥ ለወራት ቆሞ የነበረ መኪና ትንሹ ባትሪ የደከመ መሆኑ የማይቀር ነው። ሲደክም እርስ በርሳቸው የማይገናኙ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች በአንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ይደረደራሉ፤ ጽሑፉ ቻይንኛ ከሆነ ደግሞ ድንጋጤው ይብሳል። አንድ የማውቀው የሐረር ሰው በዚህ ምክንያት «ዋናው ባትሪ አልቆለታል» ተብሎ መኪናውን በርካሽ ሊሸጥ ተስማምቶ ነበር፤ ትንሹ ባትሪ ሲቀየር ምልክቶቹ በሙሉ ጠፉ። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት በመልቲሜትር መለካት ይገባል። መኪናው ጠፍቶ አድሮ ሳለ የተለመደው ባለ አሲድ ባትሪ 12.4 ቮልትና ከዚያ በላይ ማሳየት አለበት፤ መኪናው ሲነሣ ደግሞ ወደ 14 ቮልት አካባቢ ከፍ ማለት አለበት። ካልጨመረ ጥፋቱ የትንሹ ባትሪ ሳይሆን ከዋናው ባትሪ ኃይል ቀንሶ የሚመግበው ዲሲ ዲሲ ኮንቨርተር ነው፤ አዲስ ባትሪ መግዛትም አይፈታውም። እኔ ለአዲሱ ትንሽ ባትሪ 14 ሺህ ብር ከፍያለሁ። አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች ትንሹም ባትሪያቸው ሊቲየም ስለሆነ በዚያው ዓይነት ብቻ መተካት አለበት፤ ዋጋውም ከዚህ ብዙ ይበልጣል።

ቀጥሎ ያለው ችግር መኪናው ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው። ካውያ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሠራል፤ የመኪና ቻርጀር ግን 16 አምፔር እየሳበ አሥርና አሥራ ሁለት ሰዓት ያለ ዕረፍት ይቆያል። የእኔ ቤት ሶኬት ይህን የቻለው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር። አንድ ንጋት ላይ ፕላስቲክ የተቃጠለ ሽታ ሸትቶኝ ስሄድ ፕለጉ አልነቀል አለኝ፤ ብሬከሩን አጥፍቼ በኃይል ስስበው የአንደኛው እግሩ ሥር ለስልሶ ጠቁሯል፣ የሶኬቱ ቀዳዳ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ሠርቷል። የጠራሁት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ሽቦ መዝዞ አሳየኝና «አቦ፣ ይሄ እኮ ለአምፖልና ለሬዲዮ የተዘረጋ ነው» አለኝ። ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ ባለ 6 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ፣ የራሱ ብሬከር፣ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር የሚያቋርጥ መከላከያና ወደ መሬት የተቀበረ የመዳብ ዘንግ ገጠመልኝ፤ ከእጅ ዋጋው ጋር 19 ሺህ ብር ወጣ። ከዚራና መጋላ አካባቢ ያሉ ቆየት ያሉ ቤቶች ብዙዎቹ የመሬት መስመር የላቸውም፤ ቻርጀሩ ይህን ሲያውቅ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል። ቻርጀሩን ለማታለል ሽቦ የሚያገናኙ ሰዎች አሉ። ይህ በፍጹም መደረግ የለበትም፤ ፍሳሽ ቢኖር የመኪናው አካል ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛልና በሩን የሚነካ ሕፃን ሊሞት ይችላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ቮልቴጁ እስኪረጋጋ ድረስ ቻርጀሩን ነቅሎ መቆየት፣ መኪናው ውስጥ ያለውንና የግድግዳውን ኃይል ወደ ባትሪው ኃይል የሚቀይረውን ውድ ዕቃ ከመቃጠል ያድናል።

አሁን በአካባቢያችን በጣም ያልታወቀውን፣ ለእኔም ከሁሉ የሚያሳስበኝን የኤሲውን ጉዳይ ላንሣ። በነዳጅ መኪና ላይ ኤሲ የምቾት ጉዳይ ነው፤ ቢበላሽ መስኮት ከፍቶ መሄድ ይቻላል። በብዙ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ላይ ግን የሰዎቹን ክፍል የሚያቀዘቅዘው ያው ኮምፕሬሰር የዋናውንም ባትሪ ፈሳሽ ያቀዘቅዛል። እርሱ ሲደክም ድሬዳዋ ላይ የሚታየው መኪናው ቀትር ላይ ጉልበት ሲያጣና በፈጣን ቻርጀር ሲሞላ እጅግ ሲዘገይ ነው። ኮምፕሬሰሩ የሚሠራው በቀበቶ ሳይሆን ከዋናው ባትሪ በቀጥታ በሚመጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲሆን፣ ውስጡ ያለው ዘይት የሞተሩን ጥቅል ሽቦ ስለሚነካ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መሆን አለበት። ለዚህ የሚውለው ፒኦኢ የሚባለው ዘይት ነው። በነዳጅ መኪኖች ኤሲ ላይ የተለመደው ፒኤጂ የሚባለው ዘይት ግን እርጥበት ይስባል፣ ኤሌክትሪክም ያሳልፋል፤ ጥቂቱ እንኳን ቢቀላቀል የኮምፕሬሰሩን የኤሌክትሪክ መከለያ ያዳክምና መኪናው የኤሌክትሪክ ፍሳሽ አለ ብሎ ጭራሽ አልነሣም ይላል።

ጋዝ ለማስሞላት ወደ አንድ ጋራዥ በሄድሁ ጊዜ ሠራተኛው ቱቦውን ሊያገናኝ ሲል የዘይቱን ጠርሙስ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ፒኤጂ 46 ነበር፤ መሙያ ማሽኑም ቀኑን ሙሉ ሚኒባስና ፒክአፕ ሲሞላበት የዋለ ስለነበር ቱቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ያው ነው። ኮፈኑ ውስጥ ያለውን የኮምፕሬሰሩን ምልክት አሳየሁት፤ የዘይቱ ዓይነት እዚያው ተለጥፎ ተጽፏል። ልጁ ቅን ሰው ነበርና «ወንድሜ፣ ይህን የነገረን የለም» ብሎ ሥራውን ተወው። ለንጹሕ ማሽንና ለትክክለኛው ዘይት አዲስ አበባ ድረስ መላክ ነበረብኝ፤ በሙሉ 11 ሺህ ብር አስወጣኝ። ለአዲስ ኮምፕሬሰር ብቻ የተጠራልኝ ዋጋ ግን 130 ሺህ ብር ስለነበር ድካሙ የሚቆጨኝ አይደለም። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ቀትር ላይ ኤሲውን ከፍቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይንዳ፤ ከዚህ በፊት ጋዝ ተሞልቶለት እንደ ሆነና የት እንደ ተሞላም ይጠይቅ።

ድሬዳዋና ሐረር የሚመላለስ ሰው መንገዱ ላይ ስላለው የደንገጎ አቀበት ይጨነቃል። ከተማችን 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፤ ደንገጎ ላይ ሲደረስ ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ሰው ጭኖ ሁለት ቶን ተኩል የማይሞላ መኪና ይህን 800 ሜትር ለመውጣት ከተለመደው ፍጆታ በላይ የሚያስፈልገው 5 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ፣ ማለትም ከ60ው ባትሪ አንድ አሥረኛ የማይሞላ ነው፤ ሲወርድም አብዛኛውን ሞተሩ መልሶ ይሞላዋል። አቀበቱ እንግዲህ የሚያስፈራ አይደለም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቁልቁለቱ ነው። ሐረር ወይም ሐረማያ ላይ ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልቶ ወዲያው የሚወርድ ሰው ባትሪው ተጨማሪ ኃይል የሚቀበልበት ቦታ ስለማይኖረው ሞተሩ መኪናውን አይዝለትም፤ ያ ሁሉ ክብደት በፍሬን ሸራው ላይ ያርፋል። ከሐረር ለመውረድ 85 ወይም 90 በመቶ ይበቃል።

የፍሬን ነገር ከተነሣ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን የሚበላሸው ከመሥራት ይልቅ ባለመሥራት ነው። ፍጥነቱን በአብዛኛው የሚቀንሰው ሞተሩ ስለሆነ ሸራው ዲስኩን እምብዛም አይነካም፤ ዲስኩ ይዝጋል፣ ሸራውን የሚጫነው ካሊፐር ፒኖቹ አቧራ ገብቶባቸው ይደርቃሉ። የእኔ መኪና የኋላ ጎማ ሲፈታ የውስጠኛው ሸራ ብረቱ ሊወጣ ሲቃረብ የውጪው ገና ያልተነካ ነበር፤ ፒኑ ደርቆ ካሊፐሩ በአንድ ወገን ብቻ እየያዘ መቆየቱን ያሳያል። ፒኖቹ ታጥበው የፍሬን ግራሶ ተቀቡ፣ የኋላ ሸራዎቹ ተቀየሩ፣ 9 ሺህ ብር ተከፈለ። በዓመት አንድ ጊዜ ፈትቶ ማጽዳት ይህን ያስቀራል።

ከሥር ያለው ክፍል ደግሞ ክብደት ይጎዳዋል። ባትሪው ብቻ ብዙ መቶ ኪሎ ስለሚመዝን ቦኮላው፣ ሾክ አብዞርበሩና ኩሽኔታው እኩያው ከሆነ የነዳጅ መኪና ቀድመው ያልቃሉ፤ የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ በበዛበትና ድንጋይ በተነጠፈበት መንገድ ይባስ። ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው የቦኮላ ቋ ቋ ማለት ወዲያው ይሰማል፤ ለዚህ ጆሮ መስጠት ነው። የፊት ሁለቱን ወገን ቦኮላ ለማስቀየር ዕቃው አዲስ አበባ ከሱማሌ ተራ ተገዝቶ በአውቶቡስ ተልኮልኝ ከእጅ ዋጋ ጋር 35 ሺህ ብር አውጥቻለሁ። ይህን ማንኛውም የታወቀ የእግር መካኒክ ሊሠራው ይችላል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ነው ብሎ ዋጋ የሚጨምርበት ምክንያት የለም። ጎማም ቶሎ ያልቃል፤ ሲገዛ የመሸከም አቅሙ ከፋብሪካው ከታዘዘው እንዳያንስ መመልከት ይገባል።

ከመግዛት በፊት መኪናውን ጉድጓድ ላይ አቁሞ የባትሪውን የታችኛ ብረት በባትሪ መብራት መመልከት ግዴታ ነው። የጎደጎደ፣ የተበየደ ወይም በቀለም የተሸፈነ ቦታ ከታየ ማለፍ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያደረሰውን ጥፋት የሚያስታውስ የድሬ ሰው የጎርፍ ውኃ ውስጥ መኪና መንዳት ምን እንደ ሆነ አይነገረውም፤ ባትሪው ውኃ እንዳያስገባ ተደርጎ ቢሠራም ከዓመታት ንዝረትና ከድንጋይ ምት በኋላ ጎሚኒው እንደ አዲሱ ይዘጋል ማለት አይቻልም። ላቫጆ ላይም ኮፈኑ ውስጥ በግፊት ውኃ እንዳይረጩ፣ በተለይ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ገመዶች ማያያዣ እንዳይመቱ መንገር ያስፈልጋል።

ትልልቆቹ ወጪዎች እኔ ላይ አልደረሱም፤ ግን ለማወቅ ጠይቄአለሁ። መኪናው ውስጥ ላለው ቻርጀር 180 ሺህ ብር ተጠርቶልኛል፤ ዕቃው እስኪመጣም ሳምንታት ይወስዳል። ስለ ዋናው ባትሪ፣ ብሉምበርግ ኤንኢኤፍ የተባለው የጥናት ተቋም በ2024 እ.ኤ.አ. የዓለም አማካይ የባትሪ ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 115 ዶላር መሆኑን ገልጿል፤ በዚህ ስሌት ባለ 60ው 6,900 ዶላር ይመጣል ማለት ነው፤ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታከል። አምራቾች ለባትሪ ብዙውን ጊዜ የስምንት ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ሆኖም በግል አስመጪ በኩል ለቻይና ገበያ ከተሠሩት መካከል ለመጣ መኪና ይህ ዋስትና እዚህ ይሠራል ብሎ መቁጠር አይገባም። ባትሪው ለየብቻ በሚፈቱ የሴል ስብስቦች (ሞጁሎች) የተከፋፈለ ከሆነ የደከመውን ብቻ መተካት ይቻላል፤ ሴሎቹ በቀጥታ ከመያዣው ጋር የተጣበቁ ከሆነ ግን ይህ አማራጭ አይኖርም። ስለዚህ ሞዴሉን ከመምረጥ በፊት ይህንንም መጠየቅ ተገቢ ነው።

ብርቱካናማውን ገመድ ማን እንዲነካው እንደምፈቅድ በጣም እጠነቀቃለሁ። የማምነው ባለሙያ ለ1,000 ቮልት የተሠራ ጓንት ያደርጋል፣ የኃይል ማቋረጫውን ፕለግ ነቅሎ ኪሱ ውስጥ ይከታል፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ጠብቆ ቮልቴጅ አለመኖሩን ለክቶ ነው የሚጀምረው። ይህን የማያደርግ ሰው ፍሬንና ቦኮላ ይሥራ እንጂ ከዚያ አይለፍ። መኪናው መንገድ ላይ ቢቆምም በገመድ አስሮ መጎተት አይፈቀድም፤ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እየዞሩ ሞተሩ ኃይል ያመነጫልና የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚቀይረውን ኢንቨርተር ሊያቃጥል ይችላል፤ አራቱንም ጎማ አንሥቶ በሚጭን መኪና መወሰድ አለበት።

በመጨረሻ፣ ውል ከመፈራረም በፊት የቀድሞው ባለቤት መኪናውን ከስልኩ መተግበሪያ ላይ እንዲያላቅቅና ሁለቱንም ቁልፍ እንዲያስረክብ ይጠየቅ። ለቻይና ገበያ የተሠሩት ብዙዎቹ ለምዝገባ የቻይና ስልክ ቁጥር ስለሚፈልጉ፣ ሻጩ ከሄደ በኋላ ይህን ማስተካከል እጅግ ከባድ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥርም ከመስታወቱ ሥር ካለው ጋር፣ የሚሞላበት ሶኬት ዓይነትም ከሚረከቡት ቻርጀር ጋር መመሳሰሉን እዚያው ቆሞ ማየት ያስፈልጋል።